ዳኦን የአያቷን ሩዝ የበላች ዕለት

ለልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እግርሽስ? ያ ቀኑን ሙሉ የሚያቆምሽ ሥራ ቁርጭምጭሚትሽን አያሳብጥብሽም? ባለቤትሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? ዝንጅብል በማር አፍልቶ እንዲጠጣ ያልኩትን እንዳልሰማኝ ከዚሁ ሆኜ አውቃለሁ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል፤ ከሬዲዮው ይሻላል። ውሻችን ኑሪም ደህና ነው፤ ወፍሯል፤ ለምን እንደወፈረ ከታች ትደርሽበታለሽ። ልጅሽ ዳኦንም ደህና ናት። ይህን ስጽፍልሽ አጠገቤ ተቀምጣ የተቀቀለ ፍጅል እየበላች ነው።

አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። እየበላች ነው። በማንኪያ፣ ገበታ ቀርባ።

ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን በስልክ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲያለቅስብኝ እቸኩላለሁ፤ ከዚያ ነገሩ ሁሉ ይዘበራረቃል። በወረቀት ማንም አያቋርጠኝም። ስለዚህ ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ስሚኝ።

በፀደይ ዳኦንን ይዘሽልኝ ስትመጪ የተባባልነውን አልረሳሁም። «እማዬ፣ የሥራ ቦታዬ የሕፃናት ማቆያ ገበታ ቀርቦ የማይበላ ልጅ አይቀበልም። ይቺ ደግሞ ከወተት ሌላ አፏ አይገባም። እንደ ሰው መብላት የጀመረች ዕለት ንገሪኝ፤ ወዲያው መጥቼ እወስዳታለሁ» አልሽኝ። እኔስ ምን አልኩሽ? «አራት ልጅ ያሳደግኩ ሰው ነኝ፤ ሩዙ ሳይታጨድ ዓሣ ከነአጥንቱ ትቆረጥማለች» አልኩሽ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅኩም፤ የምሬን ነበር።

መጀመሪያ አንቺ ትተሽልኝ በሄድሽው ዕቃ ሞከርኩ፤ አልሞከረችም እንዳትዪኝ። ያን ባለማሰሪያውን ወንበር ላይ ሳስቀምጣት መንደሩ ሁሉ ሰው የታረደ መስሎት ወጣ። ወንበሩ አሁን በርበሬ ማስጫ ሆኗል፤ ለዚያ ጥሩ ነው። ወለል ላይ ተጣብቆ አይነሳም ያልሽኝን ሳህን በአንድ እጇ ነቀለችው፤ ጉልበቷ ወደ አባትሽ ሄዷል። በከረጢት የታሸገውን የልጅ ምግብ ደግሞ ራሴ ቀመስኩት። ልጄ፣ እኔም ብሆን እተፋዋለሁ።

ከዚያ በራሴ መንገድ ሄድኩ። ሳህኑን በግራ፣ ማንኪያውን በቀኝ ይዤ ተከትያት መሮጥ ነው፤ እናንተንም ያሳደግኩት እንደዚያው ነው። እሷ ጓሮ ስትገባ ጓሮ፣ እሷ ከማሰሮዎቹ ጀርባ ስትደበቅ እኔም ከማሰሮዎቹ ጀርባ። ሩዙን በደረቀ የባሕር ቅጠል ጠቅልዬ እሰጣታለሁ፤ ቅጠሉን ትልስና ሩዙን ትመልስልኛለች። አንዳንዴ አፏ ውስጥ የገባልኝ ይመስለኝና ደስ ይለኛል፤ ለካ ጉንጯ ውስጥ ይዛው ኖሯል፤ ኑሪ ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ለእሱ ታስረክበዋለች። ውሻው ለምን እንደወፈረ አሁን ገባሽ?

ጎረቤታችን እትዬ ቦሶንግ አጥሩ ላይ ተደግፋ ትስቅብኛለች። ከቦሶንግ አገር ተድራ መጥታ እዚህ አርጅታም እስከ ዛሬ በአገሯ ስም መጠራቷ ያናድዳታል፤ ንዴቷን እኔ ላይ የምትወጣውም ለዚያ ይመስለኛል። «አንቺ ሴትዮ፣ የምታሳድጊው ልጅቷን ነው ውሻውን?» ትለኛለች። «ሁለቱንም» እላታለሁ። «ከሁለቱ አንዱ ተሳክቶልሻል» ትለኛለች።

ኪምቺም፣ ያን በበርበሬ የተዘፈዘፈ ጎመን፣ ሞከርኩ። እናቴ ለእኔ፣ እኔ ለአንቺ እንዳደረግነው፣ ጎመኑን ከበርበሬው አውጥቼ በውሃ አጠብኩት፤ ነጭ እስኪሆን ደጋግሜ አጠብኩት፤ በቀጭኑ ሰንጥቄ ሩዙ ላይ አስቀመጥኩላት። አፏ ገባ። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኪያ ገና ከሩቅ ስታይ ምላሷን አውጥታ በእጇ ማራገብ ጀመረች። ሩዝ ሲቀርብላት ታራግባለች፤ የተቀቀለ እንቁላል ሲቀርብላት ታራግባለች። አንድ ቀን ለውሃም አራገበች። እኔም «ይቺ የከተማ ምላስ ናት፤ ጥፋቱ የእናቷ ነው» ብዬ አንቺን በደንብ አማሁሽ። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ያኔ እውነት መስሎኝ ነበር።

እትዬ ቦሶንግ ደግሞ አንድ ቀን የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ በምሳ ሰዓት መጣች። ምድጃው ዘንድ ቆሜ ከድስቱ እየበላሁ አገኘችኝ። «ገበታሽስ?» አለችኝ። «ማን ለማን ይዘረጋዋል? ለእኔ ለአንዷ?» አልኳት። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?» አለች። «ብቻዬን አይደለሁም፤ ዳኦን አለች» አልኳት። «ዳኦንማ የት በላችና!» ብላኝ ወንፊቱን ወርውራ ሄደች። ያቺ ሴትዮ ምላሷንም የምትታጠበው በበርበሬ ነው።

እርግጥ ነው፣ ገበታው ከአባትሽ ቀብር ወዲህ ታጥፎ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነበር። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ሰው አንድ ብቻውን ሲሆን ከድስቱ መብላት ዕቃ ማጠብ ይቀንሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ።

የአባትሽ ሙት ዓመት ደረሰ። አንቺ ፈረቃ ይዞሽ ቀረሽ፤ አልተቀየምኩም፤ አባትሽም አይቀየምም፤ ከሥራ የሚቀር ሰው መቼ ይወድ ነበር? ዳኦንን አዝዬ ገበያ ወጣሁ፤ ዓሣውን፣ ቆስጣውን፣ ፖሙን ገዛሁ። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ ለሙት በሚቀርብ ምግብ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት አይገባም፤ እንግዳውን፣ የሟቹን መንፈስ፣ ከደጅ ይመልሰዋል ይባላል። እሱ ሳይበላም ማንም አይቀምስም፤ ያበሰለችውም ጭምር። ያለ በርበሬ ማብሰል ለእኔ እጅ ታስሮ እንደ መዋኘት ነበር። ሥጋውን ከፍጅል ጋር በጥቁሩ የአኩሪ አተር ውሃ ቀቀልኩት። ቆስጣውን በሰሊጥ ዘይት አሸሁት። ዱባውን በእንቁላል ነክሬ ጠበስኩት። ገርጥቶ ሳየው «ይኼ የበሽተኛ ምግብ አይደለም እንዴ?» አልኩ፤ ግን ሕግ ሕግ ነው።

አጎትሽ ከሱንቾን መጣ። ታውቂዋለሽ፤ እሱ ሕጉ ራሱ ከሚለው በላይ ያጠብቃል። ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ትልቁ ገበታ የታለ?» አለ። ምስጥ በልቶታል አልኩትና ያችን ታጣፊዋን አወጣሁ፤ እኔና አባትሽ ዕድሜያችንን ሙሉ የበላንባትን። እግሮቿ ዝገው አልዘረጋም አሉኝ፤ የሰሊጥ ዘይት ቀብቼ አላቀቅኳቸው። አጎትሽ ደነገጠ። «እትዬ፣ ይቺ የምሳ ገበታ አይደለችም እንዴ? ወንድም ጋሼን በዚች ሊቀበሏቸው ነው? የቤት አባወራ እኮ ነበሩ!» አለኝ። «በሕይወቱ የበላባት ናት። መንገዱን ያውቀዋል» አልኩት። አፍንጫው ግን አልተስማማም።

ለዳኦን ብዬ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ጀመርን፤ እኩለ ሌሊት ካልሆነ እያለ አጎትሽ አጉረመረመ። ዳኦን ጥግ ላይ ብርድ ልብሷ ውስጥ ተኝታለች። መጠጡ ተቀዳ፤ ሰገድን፤ አጎትሽ ማንኪያውን የአባትሽ ሩዝ መሃል ቀጥ አድርጎ ተከለው። ከዚያ እንግዳው ሳያፍር ይብላ ብለን ወጣንና የወረቀቱን በር ዘግተን በረንዳው ላይ አንገታችንን ደፍተን ቆምን።

ልጄ፣ እንግዲህ ከበሩ ጀርባ የማንኪያ ድምፅ ተሰማ።

ቅጭል፣ ይላል። ማንኪያ የነሐስ ሳህን ሲነካ። ቀጥሎ ሾርባ ሲማግ። አጎትሽ ፊቱ እንደ በሩ ወረቀት ነጣ። «እትዬ...» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ሰሙ?» ሰምቻለሁ። አባትሽ ሾርባ ሲጠጣ እንዴት ቤቱን እንደሚያናውጥ ታውቂ የለ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ልክ እንደ እሱ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ አልፈራሁም። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። «መጣ» አልኩ በሆዴ። «ርቦት ነው የመጣው፤ ምነው ቶሎ ቶሎ ባበስልለት ኖሮ» አልኩ።

ከመግባታችን በፊት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን መጥረግ ያለበት አጎትሽ ነው። እሱ ግን አንዴ ብቻ እንደ ጫጩት ጢጥ አለ። እኔ በሩን ገፋሁት።

ዳኦን ናት። ገበታው አጠገብ እንደ አባወራ ተደላድላለች። ያ ትልቅ ገበታ ቢሆን ኖሮ እኮ ቁመቷ አይደርስም ነበር! ማንኪያውን ከሩዙ ነቅላ በሁለት እጇ ይዛዋለች። አፍንጫዋ ላይ ሩዝ፣ አገጯ ላይ ሾርባ፣ ጭኗ ላይ የተጠበሰ ዱባ። ጉንጮቿ ተነፍተዋል። አየችን፤ አኘከች፤ ዋጠች። ምላሷን አላራገበችም።

አጎትሽ እንደ ዶሮ ተንጫጫ። «የሙት ገበታ! ማንኪያውን! እትዬ፣ ይቺ ልጅ የአያቷን እራት በላችባቸው እኮ!»

«ምን አደረገች?» አልኩት።

«በላችባቸው!»

«እስቲ ድገመው።»

«በላች እኮ ነው የምልዎት!»

«እንግዲያውስ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ አስደንግጠህ እንዳታስቆምብኝ» አልኩት።

እሱ አዲስ ሩዝ ቀርቦ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደገም ይላል። እኔ ልመልስለት ስል ዳኦን ከአያቷ ሳህን አንድ ማንኪያ ሙሉ ዝቃ፣ ግማሹን እያፈሰሰች፣ ወደ እኔ ዘረጋችው። ለኑሪ እንደምትሰጠው አይደለም፤ ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው። ጉልበቴ ሳያማክረኝ ታጠፈ። ተቀመጥኩና በላሁላት። እሷ ደገመች። እኔም ማንኪያ አነሳሁ። አጎትሽ ብቻውን ቆሞ መቅረቱን ሲያይ «እንግዲህ ወንድም ጋሼ ከፈቀዱ...» ብሎ እሱም አጠገባችን ቁጭ አለ፤ ከሁላችንም ይበልጥ የበላውም እሱ ነው።

ሩዙ ቀዝቅዞ ነበር። ሾርባው በርበሬ የለውም። ግን ልጄ፣ ከአባትሽ ወዲህ አንድ ነገር ጣመኝ የምለው ያንን ነው።

በማግስቱ ለጎረቤት ከሙት ዓመቱ ምግብ ድርሻውን ሳደርስ እትዬ ቦሶንግ ወሬውን ከእኔ በፊት ሰምታዋለች። «ቆመሽ የሮጥሽው አንቺ አቃተሽ፤ የሞተው ሰውዬ ተቀምጦ አበላት!» አለችኝ።  መልሱ የመጣልኝ እሷ በሯን ከዘጋች በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ድስቴ ገርጥቷል። እኔም እሷም የሙት ምግብ ነው የምንበላው፤ በርበሬ ሲያምረኝ በትንሽ ሳህን ለብቻዬ አቀርባለሁ፤ እሷም ሳህኗን ከእኔ ታርቃለች። ዓሣ በላች። የአኩሪ አተሩን አይብ፣ ቶፉን፣ በላች። ሩዙ ሲታጨድ አጫጆቹ መሃል ገብታ የእነሱን ሾርባ ልጠጣ ስትል ነው የያዝኳት። ለክረምቱ ኪምቺ ስንዘፈዝፍ የጎመኑን ቢጫ ልብ ጨው ብቻ እንደነካው አንድ በአንድ እየነጠቀች በላችው፤ ሴቶቹ ሁሉ ሥራ ፈትተው እያዩ ሳቁ።

አሁን ቀኑን እያሰላሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሙት ዓመቱ ሩዙ ሳይታጨድ ነበር፤ ዛሬ ማሰሮዎቹ በረዶ ለብሰዋል። በመካከል በደወልሽ ቁጥር «ገና ናት፤ ትንሽ ይቀራታል» ያልኩሽስ? እሱ የስልኩ መስመር ጥሩ ስላልነበረ ነው። ደግሞ ማረጋገጥ ነበረብኝ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባል የለ? ዛሬ በልታ ነገ ብትተውስ? በቆስጣ ፈተንኳት፣ በዓሣ ፈተንኳት፣ በእንቁላል ፈተንኳት። ፈተናው ትንሽ ረዘመ። አልፋለች፤ ሌላ የምፈትንበት ነገር ስላጣሁ ነው የምጽፍልሽ።

ስለዚህ መጥተሽ ውሰጃት። የአያት ልጅ ሆና እንዳትበላሽ።

ስትወስጃት ግን የምልሽን ያዢ። አሳደሽ አታብያት፤ እኔ ሮጬ ያየሁት ጥቅም ውሻውን ማወፈር ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና በርበሬውን የእሷን ካወጣሽ በኋላ ጨምሪ። አፏን አትጠብቂ፤ የራስሽን ብዪ። ከሁሉም በላይ ቆመሽ አትብዪ። ከሥራ ደክመሽ እንደምትገቢ አውቃለሁ፤ ከድስቱ መጉረስ ይቀልሻል። ቢሆንም ቁጭ በይ። ልጅቷ እዚህ ቤት ከመጣች ጀምሮ ተቀምጦ የሚበላ ሰው አይታ አታውቅም ነበር። ምኑን ዓይታ ትቀመጥ?

ገበታዋንም ውሰጂ። እንዳትከራከሪኝ፤ እሷ የምታውቀው ገበታ ያ ነው፤ በሌላ ተቀመጪ ብትያት ደግሞ ማራገብ ትጀምርና የእኔ ድካም ሁሉ ውኃ ይበላዋል። እግሮቿን አዲስ ዘይት ቀብቻቸዋለሁ። የመስኮቱ በኩል ያለችው እግር ትንሽ ትነቃነቃለች፤ ሥሯ የታጠፈ ወረቀት አድርጊላት፤ አባትሽም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ለእኔ ምድጃው አጠገብ ይበቃኛል። ዕቃ ማጠብም ይቀንሳል።

ስትመጪ ግን ምሳ ሳይደርስ ድረሺ። ባለቤትሽም ይምጣ፤ ከነሳሉም ቢሆን። መጀመሪያ ሁላችንም እንቀመጥባታለን፤ ከዚያ ትጭኗታላችሁ።

ልጄ፣ ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፤ ግን ዳኦን ማንኪያዋን ዘርግታ እየጠበቀችኝ ነው። ካልበላሁላት እሷም ታቆማለች፤ እንደዚያ ነው ያስለመደችኝ። ልዝጋው።

እጅሽ የነካው ይባረክ። ድስትሽ አይጉደል፤ ከድስቱ የሚቋደስም አይጥፋብሽ። ልጅሽ ልጆቿን ስታበላ ለማየት ያብቃሽ። መንገዱን ሰላም አድርጎልሽ ደጄ ላይ ልይሽ።

የምትወድሽ እናትሽ

ከዘጋሁት በኋላ ትዝ አለኝ፦ ለአዲስ ዓመት ስትመጡ ገበታዋን ይዛችሁልኝ ኑ። ረሳናት ካላችሁኝ፣ ሁላችሁም ከእኔ ጋር ምድጃው ዘንድ ቆማችሁ ነው የምትበሉት።